ጋዙ ከየት ይመጣል? ለካምፐር ጉዞ የሚሆን ግሪል አመራረጥና አተካከል

በበጋ ቅዳሜና እሑድ ካምፐር ጎትቶ ወደ ተራራ የሚወጣ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ዋሽንግተን አካባቢም ሆነ ዴንቨር ዛሬ ብርቅ አይደለም። እንጀራው ከባልትና ሱቅ ተገዝቶ፣ ሥጋው ተከትፎ፣ ሚጥሚጣው ተቋጥሮ ይኬዳል። የሚቀረው የእሳቱ ጉዳይ ነው። ሱቅ ገብተው ለጉዞ የሚሆን የጋዝ ግሪል ሲጠይቁ ሻጩ የሚያወራው ስለ ስፋቱ፣ ስለ ቀለሙና ቢቲዩ ስለሚባለው የሙቀት ልክ ነው። ሜዳ ላይ የሚያስቸግረው ግን ሌላ ነው። እሳቱ ደክሞ ሥጋው በራሱ ውሃ ይቀቀላል፤ ጎማው ከካምፐሩ መሰኪያ ጋር አልገጥም ይላል፤ ጋዙ ምሳው እኩል ሲደርስ ያልቃል። ሦስቱም የሚመነጩት ከአንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው፦ ጋዙ ከየት ይመጣል፣ በምን ያህል ግፊትስ? ይህን አስቀድሞ የወሰነ ሰው ግሪሉን መምረጥ አይከብደውም። ስለዚህ ከጋዙ እንጀምራለን።

ከዚያም በፊት የከሰል ወዳጆች ጥያቄ ይመለስ። የከሰል ጥብስ ጣዕም የሚካድ አይደለም፤ በጋዝ የሚጠበስ ሥጋ ጭስ የሚያገኘው የራሱ ስብ ተንጠባጥቦ ሲቃጠል ብቻ ነው። ነገር ግን በምዕራብ አሜሪካ ድርቅ በበረታበት በጋ የደንና የፓርክ አስተዳደሮች የእሳት ገደብ ያውጃሉ። ገደቡ ሲጠብቅ እንጨትም ከሰልም ይከለከላል፤ በአብዛኛው የሚፈቀደው በመክፈቻ ወዲያው ሊጠፋ የሚችል የጋዝ ምድጃ ነው። በምሥራቁ በኩል ደግሞ ማገዶው ራሱ ጣጣ አለው። በ2002 ሚሺጋን ውስጥ መግባቱ የታወቀው፣ ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጢንዚዛ አሽ የሚባለውን ዛፍ በሚሊዮኖች ስለፈጀ፣ እንጨት ከቦታ ቦታ ማጓጓዝ በብዙ ስፍራ ተገድቧል። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክም በሙቀት መታከሙ ያልተረጋገጠ ማገዶ ከውጭ አያስገባም። በዚህ ላይ ከሰል ለመቀጣጠል ግማሽ ሰዓት፣ አመዱ በደንብ ለመብረድ ሌሊቱን ይፈልጋል። ጠዋት ነቅሎ ለሚሄድ መንገደኛ ይህ ቀላል አይደለም። ከሰሉ ለቤት ጓሮ ይቆይ።

ለጉዞ የሚሸጡ ምድጃዎች የሚያነድዱት ሁለት ዓይነት ጋዝ ነው፤ ፕሮፔንና ቡቴን። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው ሲበርድ ነው። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ድረስ እየተነነ ይወጣል፤ ቡቴን ግን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በጣሳው ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ይተኛል። ጠባብና ረጅም ጣሳ የሚገባባት ባለ አንድ ዓይን የቡቴን ምድጃ ለሐምሌ ቡናና ለሽሮ የምትመሰገን ናት፤ ዋጋዋም ትንሽ ነው። በጥቅምት ተራራ ላይ አድረው ጠዋት ሊያበሯት ቢሞክሩ ግን ታሳፍራለች። ለግሪል በአሜሪካ ፕሮፔን ነው፤ እዚህ ላይ የሚያከራክር ነገር አላየሁም።

ፕሮፔኑ ከሦስት ቦታ በአንዱ ይመጣል። የመጀመሪያው ባለ 1 ፓውንድ ትንሽ ሲሊንደር ነው፤ ብዙዎች በአረንጓዴ ቀለሙ ያውቁታል። በየሱቁ ይገኛል፣ በእጅ ይያዛል፣ ግሪሉ ላይ በቀጥታ ይጠመዘዛል። ስሌቱ ይህን ይመስላል፦ አንድ ፓውንድ ፕሮፔን 21,500 ቢቲዩ ገደማ ሙቀት ይሰጣል። በሰዓት 8,500 ቢቲዩ የሚያነድድ ትንሽ ግሪል በአንድ ሲሊንደር ሁለት ሰዓት ተኩል ይሠራል፤ 20,000 የሚያነድድ ትልቅ ግሪል በርነሮቹ ሁሉ ከተከፈቱ አንድ ሰዓት እንዳለፈ ባዶ ያደርገዋል። ሌላም ጠባይ አለው። ጋዝ በፍጥነት ሲወጣ ፈሳሹ ይቀዘቅዛል፤ በቀዝቃዛ ቀን ሲሊንደሩ አመዳይ ለብሶ፣ ውስጡ ጋዝ እያለ እሳቱ ይደክማል። በፓውንድ ሲሰላ ደግሞ ትልቁን ታንክ ከማስሞላት ብዙ እጥፍ ይወደዳል።

ብልህ ነኝ ያለ ሰው ይህን ሲሊንደር ከትልቁ ታንክ እየቀዳ መሙላት ያምረዋል። ለአንድ ጊዜ አገልግሎት የተሠራ ሲሊንደር ሞልቶ ማጓጓዝ በፌዴራል ሕግ እስከ 500,000 ዶላር መቀጫና እስከ 5 ዓመት እስራት እንደሚያስከትል ማስጠንቀቂያው ሲሊንደሩ ላይ ታትሟል። ሕጉን የማይፈራ ሰው እንኳ ቫልቩን ይፍራ፤ ደጋግሞ እንዲዘጋ ተብሎ የተሠራ አይደለም። እንዲሞላ ተደርጎ የተሠራ ባለ 1 ፓውንድ ሲሊንደር ለብቻው ይሸጣል፤ መቆጠብ የፈለገ እሱን ይግዛ። ካሊፎርኒያ የሚጣለውን ዓይነት ከጥር 2028 ጀምሮ እንዳይሸጥ በሕግ ስለወሰነች፣ እዚያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ነገሩ ምርጫ መሆኑ በቅርቡ ያበቃል።

ሁለተኛው ምንጭ በየጓሮው የምናውቀው ባለ 20 ፓውንድ ታንክ ነው። ያ 8,500 ቢቲዩ የሚያነድድ ግሪል በአንድ ሙሉ ታንክ 50 ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ለአንድ ቤተሰብ የበጋውን ሙሉ ጉዞ ይሸፍናል ማለት ነው። ስሙ 20 ይሁን እንጂ ከሱቅ ደጃፍ ካለው የብረት ሳጥን ባዶውን መልሰው የሚለውጡት ታንክ ውስጥ በተለምዶ 15 ፓውንድ ብቻ ነው ያለው። ማስሞላት የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ መለኪያ መግዛት አያስፈልግም፤ አንገቱ ላይ ቲደብልዩ ከሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት አጠገብ የተቀረጸው ቁጥር የባዶው ታንክ ክብደት ነው፣ ብዙውን ጊዜ 17 ፓውንድ አካባቢ። ሚዛን ላይ ሲያወጡት 27 ከሆነ 10 ፓውንድ ቀርቷል። እዚያው አንገቱ ላይ የተሠራበት ወርና ዓመት አለ። ከተሠራ 12 ዓመት የሞላው ታንክ ዳግም ካልተመረመረ የሚሞላለት ሕጋዊ ጣቢያ የለም፤ ያገለገለ ካምፐር የሚገዛ ሰው ከጎማው ቀጥሎ ይህን ይመልከት።

ሦስተኛው ምንጭ የካምፐሩ የራሱ የጋዝ መስመር ነው። ብዙ ካምፐሮች በውጭ ግድግዳቸው ዝቅ ብሎ፣ ጎማ ገፍተው የሚሰኩበት ፈጣን መሰኪያ አላቸው። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ታንኩ ከፊት ታስሯል፣ ሌላ ሲሊንደር መሸከም አያስፈልግም። ጣጣውም የሚበዛው እዚሁ ላይ ነው።

በታንክ ውስጥ ያለው ግፊት እንደ አየሩ ይለዋወጣል። 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ 110 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ገደማ ይሆናል፤ ከዜሮ በታች 18 ላይ ወደ 24 ይወርዳል። ግሪል የሚፈልገው ግን ከዚህ ጋር የማይወዳደር ትንሽና የተረጋጋ ግፊት ነው። በአሜሪካ የተለመደው 11 ኢንች የውሃ ዓምድ የሚባለው ልክ ነው፤ ወደ ፒኤስአይ ሲለወጥ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ግፊቱን ከዚያ ወደዚህ የሚያወርደው ሬጉሌተር የሚባለው ክብ ዕቃ ነው። ካምፐሩ የራሱ ሬጉሌተር ታንኩ አጠገብ ስላለው፣ በግድግዳው መሰኪያ የሚወጣው ጋዝ ወርዶ የተዘጋጀ ነው። ከሱቅ የሚገዙት ተራ ግሪል ደግሞ ከታንክ በቀጥታ እንደሚገናኝ ታስቦ ስለተሠራ እሱም ሬጉሌተር አለው። ሁለቱን ሲያገናኙ ጋዙ ሁለት ጊዜ ይታነቃል፤ ከሮቶ በሚወርድ ቀጭን ቧንቧ ላይ ሁለተኛ ቧንቧ ግማሹን ዘግቶ እንደመጨመር ነው። እሳቱ ይበራል፣ ግን ሥጋ አይጠብስም። ባለቤቱም ግሪሉን ሰድቦ ወደ ሱቅ ይመልሰዋል፤ ግሪሉ ምንም አልበደለም።

መውጫው ሦስት ነው። አንደኛው ለካምፐር መስመር ተብሎ ያለ ሬጉሌተር የተሠራ ግሪል መግዛት ነው፤ ካምኮ የሚያወጣው ኦሊምፒያን 5500 የዚህ ዓይነት አገናኝ ይዞ ከሚመጡት አንዱ ነው። ሁለተኛው ከካምፐሩ ታንክ ላይ፣ ከካምፐሩ ሬጉሌተር በፊት፣ ባለ ሦስት አፍ አገናኝ አስገብቶ ያልወረደውን ጋዝ በረጅም ጎማ ወደ ግሪሉ መውሰድ ነው፤ ያኔ የግሪሉ ሬጉሌተር ተገቢ ሥራውን ይሠራል። ሦስተኛውና በካምፐኞች ዘንድ በብዛት የሚደረገው የግሪሉን ሬጉሌተር ነቅሎ ጎማውን ከመስመሩ ጋር ማገናኘት ነው። ይህ የሚሆነው የግሪሉ ሬጉሌተር ራሱ 11 ኢንች የሚሰጥ ከሆነ ብቻ ነው። አንዳንድ የጉዞ ምድጃዎች፣ በተለይ ሲሊንደሩ ጎን ላይ በብረት ክንድ የሚገጠምላቸው፣ ከዚህ በብዙ እጥፍ በሚበልጥ ግፊት ስለሚሠሩ ከካምፐሩ መስመር ጋር ምንም ቢደረግ አይስማሙም። ነቅሎ መቀየር ዋስትናውን ያስቀራል፤ አደጋ ቢደርስ ደግሞ ከመድን ድርጅት ጋር ያከራክራል። እኔ አልመክረውም።

ተቃራኒው ስሕተት ከዚህ የባሰ ነው። ሬጉሌተር የሌለውን ግሪል በቀጥታ ከታንክ ጋር ያገናኘ ሰው በመቶ ፒኤስአይ የሚወጣ ነበልባል ይጠብቀዋል። ከሰው የተዋሱትን ወይም ያገለገለ የገዙትን ግሪል ከማብራትዎ በፊት ጎማው ላይ ሬጉሌተሩን በዓይንዎ ይፈልጉ። ካልታየ አያብሩት።

እስካሁን ከተባለው ለብዙው ሰው የሚሆነው አንድ ተራ መፍትሔ ነው፦ ከካምፐሩ መስመር ጋር አይታገሉ፤ ሬጉሌተሩ ያልተነካ ግሪል፣ አንድ የራሱ ባለ 20 ፓውንድ ታንክና ባለ 1 ፓውንዱን ቀዳዳ ከትልቁ ታንክ ጋር የሚያገናኝ ጎማ ይያዙ። የውጭ መሰኪያ የሌለው ካምፐር ያለው ሰውም፣ በመኪና ድንኳን ጭኖ የሚሄደውም በዚሁ ይገለገላል።

አሁን ወደ ግሪሉ። ሻጮች ቢቲዩ ከፍ ባለ ቁጥር ግሪሉ የሚሻል ያስመስላሉ። ቢቲዩ የሚለካው ጋዝ አጠቃቀሙን ነው፤ ያ ሙቀት ለሥጋው መድረሱ የሚወሰነው በስፋቱ፣ በክዳኑ መግጠምና በብረቱ ውፍረት ነው። ዌበር ለዓመታት ሲሸጠው የኖረው ኪው 1200 በ189 ካሬ ኢንች ላይ 8,500 ቢቲዩ ያነድዳል። የኮልማን ሮድትሪፕ 285 በ285 ካሬ ኢንች ላይ 20,000 ነው። በወረቀት ሲታይ ኮልማን በእጅጉ ይበልጣል። ሆኖም የኪው ወፍራም የአሉሚኒየም ገላና ክዳን፣ የብረት ፍርግርጉም ክብደት ሙቀቱን ይዘው ስለሚያቆዩ፣ በነፋሻ ቀን ትንሹ ቁጥር ብዙ ሥራ ይሠራል። ኮልማን ብልጫው ሌላ ቦታ ነው፤ እግሩ ታጥፎ በጎማ ይጎተታል፣ ሦስት በርነር ስላለው በአንድ በኩል ጠብሶ በሌላው ማቆየት ይቻላል። የዌበር ትራቨለር በኃይል መካከል ላይ ነው፤ 320 ካሬ ኢንች፣ 13,000 ቢቲዩ፣ ቁጭ ብድግ የሚል እግር፣ ግን ወደ 50 ፓውንድ የሚጠጋ ክብደት። ጀርባ የሚያመው ሰው መጀመሪያ ሱቁ ውስጥ አንሥቶ ይሞክረው። ኩዊዚናርት የሚሸጠው 5,500 ቢቲዩ ያለው ትንሽ ግሪል ለሁለት ሰው ቁርስ በቂ ነው፤ እንግዳ ከመጣ ግን ያሳጣል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ እንግዳ ይመጣል።

ስለ ፍርግርጉ ጥቂት ማለት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በእንግሊዝኛ የሚጻፉ የግሪል መመሪያዎች ሁሉ የሚያስቡት ስለ ሃምበርገርና ስለ ስቴክ ነው። የእኛ ጥብስ ሥጋው ደቆ ይከተፋል፤ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያው፣ ሮዝመሪው፣ ቅቤው አብሮ ይገባል። ክፍት ፍርግርግ ላይ ግማሹ ወደ እሳቱ ይወርዳል፤ ቅቤውም በርነሩ ላይ ፈስሶ ነበልባል ያስነሣል። ፍርግርግ የሚያምርበት ለጎድን፣ ለዶሮ ክንፍና በጾም ወቅት ዓሣ ለሚፈቅዱ ቤተሰቦች ለሙሉ ዓሣ ነው። ለደረቅ ጥብስ የሚሻለው ዝርግ ብረት ነው። ብላክስቶን በ17 እና በ22 ኢንች ወርድ የሚያወጣቸው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ዝርግ ምድጃዎች ለዚህ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ ቁርስ ላይ እንቁላል ፍርፍር፣ ማታ ጥብስ በአንድ ብረት ይወጣል። ጉዳታቸው ነፋስ ነው፤ እሳቱ ከብረቱ ሥር ስለሚታይ ትንሽ ሽውታ ያጠፋዋል። ብረቱም እንደ አገር ቤት ምጣድ ማሟሸት ይፈልጋል፤ ታጥቦ እርጥብ ከታሸገ በሳምንቱ ይዝጋል።

ሁለቱንም ለሚፈልግ ሰው ለብዙ ግሪሎች በፍርግርጉ ፈንታ ግማሹን ቦታ የሚይዝ ዝርግ ብረት ለብቻው ይሸጣል። በዚህ ፋንታ ከቤት ያመጡትን ሰፊ የብረት ምጣድ ፍርግርጉ ላይ ጭነው ዳር እስከ ዳር መሸፈን፣ ወይም ታችኛውን ክፍል በፎይል ማልበስ አደገኛ ነው። አየርና ሙቀት መውጫ አጥቶ ወደ መክፈቻዎቹና ወደ ጎማው ይመለሳል። ጋዝ ጣሳው አጠገቡ በሚቀመጥበት በትንሿ የቡቴን ምድጃ ላይ ሰፊ ምጣድ መጣድ ደግሞ ጣሳውን ማጋል ነው፤ ጣሳው የሚፈነዳው እንዲህ ነው።

ኤሌክትሪክ ግሪልም አለ። ካምፑ መብራት ካለው ይሠራል፤ ከአየር ማቀዝቀዣውና ከማይክሮዌቩ ጋር ግን ለኃይል ይሻማል። ከዚህ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

ተከላው ከቦታ ይጀምራል። ግሪል ከካምፐሩ ግድግዳ በሚዘረጋው የሸራ ጥላ ሥር አይበራም፤ ዝናብ ሲመጣ ፈተናው ትልቅ ቢሆንም። አንዳንድ ካምፐር ግሪል የሚንጠለጠልበት ሐዲድ በግድግዳው ላይ ተገጥሞለት ይሸጣል፤ ያን ካልተጠቀሙ በቀር ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቁ፣ ምክንያቱም ፋይበርግላሱና የመስኮቱ ላስቲክ በሙቀት ይጨማደዳሉ። ከመስኮትና ከበር አቅጣጫም ያርቁት። ነፋስ ከበረታ መኪናውን መከታ ማድረግ ይቻላል፤ ታንኩን በካርቶንና በጨርቅ ዙሪያውን መክበብ ግን አይቻልም። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ መሬት ለመሬት ይሄድና በጉድጓድ፣ በተከበበም ቦታ ይጠራቀማል። ካምፐሩ ውስጥ ያለው የጋዝ ማስጠንቀቂያ ከወለሉ አጠገብ የሚተከለውም ለዚህ ነው።

ከዚያ ፍተሻ። በመጀመሪያ የግሪሉ መክፈቻዎች መዘጋታቸው ይረጋገጣል። የባለ 20 ፓውንዱ ታንክ ጥቁር ማጥበቂያ በእጅ ብቻ ይጠበቃል፤ መፍቻ አያስፈልገውም። ቀጥሎ የሳሙና ውሃ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ተቀብቶ ታንኩ ይከፈታል። አረፋ ካደገ ያፈተልካል፤ ተዘግቶ ይጠበቃል፤ ዳግም ካፈተለከ የዚያ ቀን ምሳ ከማቀዝቀዣው ይበላል። ሽታን ብቻ መተማመን አይገባም። ጋዝ የሚሸተው ሽታ ተጨምሮበት ነው፤ በተፈጥሮው ሽታ የለውም። ይህን ግዴታ ያደረገው ሕግ የመጣው በመጋቢት 1937 ቴክሳስ ኒው ለንደን በምትባል ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ሥር የተጠራቀመ ሽታ አልባ የተፈጥሮ ጋዝ ፈንድቶ 300 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ ካለቁ በኋላ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰውና አረጋዊ ግን ዛሬም ላይሸታቸው ይችላል።

አከፋፈቱም ሥርዓት አለው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የታንኩ አገናኝ ውስጥ ጋዝ ከልክ በላይ በፍጥነት ሲወጣ ጎማው የተበጠሰ መስሎት ፍሰቱን የሚያጠብ መከላከያ አለ። የግሪሉ መክፈቻ ክፍት ሆኖ ታንኩ በድንገት ከተከፈተ ይህ መከላከያ ይነቃል፤ እሳቱም ምንም ቢያደርጉት ከድክመቱ አይነሣም። ሰው ይህን ሲያይ ጋዝ ያለቀ ወይም ግሪሉ የተበላሸ ይመስለዋል። መድኃኒቱ ሁሉን መዝጋት፣ ጎማውን ከታንኩ መንቀል፣ ጥቂት ቆይቶ መልሶ መግጠም፣ ታንኩን ቀስ ብሎ መክፈት፣ ከዚያ ብቻ ግሪሉን መለኮስ ነው።

ሲለኩሱ ክዳኑ ሁልጊዜ ክፍት ነው። በአምስት ሰከንድ ካልበራ ይዝጉና አምስት ደቂቃ አየሩን ያስወጡት። ቀጭ ቀጭ የሚለው ማቀጣጠያ እርጥበት ሲያገኘው ስለሚለግም ረጅም ላይተር መያዝ ነው። የጤነኛ እሳት ቀለም ሰማያዊ ነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቢጫ ሊኖረው ይችላል። ሙሉ በሙሉ ቢጫ ከሆነና ጥላሸት ካመጣ አየር አላገኘም፤ ክረምቱን ጋራዥ ውስጥ በከረመ ግሪል ላይ ደግሞ ዋናው ተጠርጣሪ ሸረሪት ነው። ወደ በርነሩ በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ድሯን ታደራለች፤ በቀጭን ብሩሽ ማጽዳት ይበቃል።

ኮሎራዶ ያሉ ወገኖች አንድ ተጨማሪ ነገር አለባቸው። በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ያለው የሞሬን ፓርክ ካምፕ ከባሕር ወለል በላይ 8,160 ጫማ፣ 2,490 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ በመጠኑ ከፍ ይላል። አየሩ ስለሚሳሳ የግሪል ኃይል በየ1,000 ጫማው 4 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ በጋዝ ዕቃዎች ሙያ የታወቀ ስሌት አለ፤ እዚያ ከፍታ ላይ ከሩብ የማያንስ ኃይል ይጠፋል ማለት ነው። በዴንቨር ጓሮ የተመሰገነ ግሪል እዚያ ቢለግም አይደነቅም። ክዳን ገጥሞ አስቀድሞ ማጋል፣ ሥጋውንም በትንሽ በትንሹ መጣል ይረዳል። ሽሮውና እንቁላሉ እንደሚዘገዩ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሳይነገረው ያውቃል።

አንድ ነገር ያለ ድርድር ይባል። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው እንደሚገድል አገር ቤት የማያውቅ የለም፤ የጋዝ ግሪልም በካምፐር፣ በቫንና በድንኳን ውስጥ ያንኑ ያደርጋል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ብርድ ነው ተብሎ፣ ዝናብ ነው ተብሎ፣ መስኮት ከፍቻለሁ ተብሎ ግሪል ወደ ውስጥ አይገባም፤ ለማሞቂያነትም አይበራም።

በመንገድ ላይ ታንኩ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ታስሮ፣ ተዘግቶ ይጓዛል። መንገዱም ይታሰብበት። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ባልቲሞር ላይ ሁለት ዋሻዎች ያገኛል፤ ሁለቱም በአንድ ዕቃ ውስጥ ከ10 ፓውንድ በላይ ፕሮፔን የያዘ ተሽከርካሪ አያስተናግዱም። ባለ 20 ፓውንዱ ታንክ በዚህ ይከለከላል። ቀድሞ የዚህ ዓይነት መኪና የሚሻገርበት የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በመጋቢት 2024 መርከብ ገጭቶት ስለወደቀ፣ አሁን ያለው አማራጭ ከተማዋን በምዕራብ በኩል በ695 ቀለበት መንገድ መዞር ነው። ለጉዞው ሰዓት ይጨመርለት።

አውሮፓ ላሉ አንባቢዎች ታሪኩ ያው ሆኖ ቁጥሩ ይለያል። በጀርመን ለቤት የሚሸጥ ግሪል በአብዛኛው በ50 ሚሊባር ግፊት ይሠራል፤ የዘመኑ ካራቫን መስመር ግን 30 ነው። ስለዚህ ከካራቫኑ መሰኪያ ጋር ለማገናኘት የሚያስብ ሰው ከግሪሉ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ ባለ 30ውን ይግዛ፤ የደቡብ አፍሪካው ካዳክ እዚያ በካራቫን ሰዎች ዘንድ የተወደደው በከፊል ይህንን ዓይነት ስለሚያቀርብ፣ በከፊል ደግሞ ፍርግርጉ፣ ዝርግ ብረቱና ድስት ማስቀመጫው በአንድ እግር ላይ ስለሚቀያየሩ ነው። ድንበር ሲሻገሩ የአንዱ አገር ባዶ ጠርሙስ በሌላው አይለወጥም፤ በብዙ አገር የሚለወጠው ሰማያዊው ካምፒንጋዝ ነው። ውስጡ ያለው በአብዛኛው ቡቴን ስለሆነ ለክረምት አይታመንም።

ሲጨርሱ ማጽዳቱ ገና ትኩስ ሳለ ነው። የሽቦ ብሩሽ ብዙ ሰው ይጠቀማል፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2012 ከብሩሹ ተነቅሎ በምግብ የተዋጠ ሽቦ ጉሮሮና አንጀት እንደወጋ የሚያሳዩ የሕመምተኞች ጉዳዮችን ይፋ አድርጓል። ግማሽ ሽንኩርት በሹካ ወግቶ የጋለውን ፍርግርግ ማሸት ይሠራል፤ ሽንኩርት ደግሞ እኛ ዘንድ አይጠፋም። እንደ ሸናንዶዋ ድብ በሚዘዋወርበት ስፍራ ቅባት የነካው ግሪል ራሱ ምግብ ነው፤ የቅባት መቀበያው ተጠርጎ፣ ግሪሉ ቀዝቅዞ፣ መኪና ውስጥ ተቆልፎበት ይታደራል። ታንኩ ግን ከሰው ጋር ውስጥ አያድርም።

እንግዲህ ፍርድ። ለሁለት ወይም ለአራት ሰው፣ ጎድንና ዶሮ ለሚወድ፣ ኪው 1200ን የመሰለ ወፍራም ገላ ያለው ትንሽ ግሪል ከግማሽ ዝርግ ብረቱ ጋር ይበቃል። በየጉዞው ደረቅ ጥብስና ፍርፍር ለሚሠራ ቤት ባለ 22 ኢንቹ ዝርግ ምድጃ ይሻላል። ሁለት ሦስት ቤተሰብ አብሮ የሚወጣ ከሆነ አንድ ትልቅ ግሪል ከመግዛት ሁለት ትንንሽ ይዞ መሄድ ይሻላል፤ አንዱ ለጾመኛው፣ አንዱ ለፈሰከው ይሆናል፣ አንዱ ቢለግምም ምሳው አይቀርም። ለሁሉም ጋዙ ከራሱ ታንክ ይምጣ። የካምፐሩን መሰኪያ መጠቀም የግድ ከሆነ ደግሞ ለዚያ ተብሎ የተሠራውን ግሪል ይግዙ እንጂ ሬጉሌተር አይንቀሉ። የገዙትንም ሁሉ ከመውጣትዎ አንድ ሳምንት በፊት ጓሮዎ ውስጥ ገጣጥመው፣ በሳሙና ፈትሸው፣ ሥጋ ጠብሰውበት ይሞክሩት፤ የጎደለው አገናኝ ከቤት አጠገብ ካለው ሱቅ ይገኛል፣ ከተራራው ላይ አይገኝም።